ለድንጋይም ለሚስትም

ድንጋይ ጠራቢው ድንጋይ ያውቃል። ጥርቡን ከሩቅ አይቶ «ይሄ ዘጠና ኪሎ ነው» ካለ፣ ወይ ዘጠና ኪሎ ነው ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሮ ይዞ ከድንጋይ ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ስለ መኪና ግን የሚያውቀው ቁልፉ ወዴት እንደሚዞርና ነዳጅ በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው። ይህን እሱም አይክድም። ችግሩ፣ ስለማያውቀው ነገር ሲያወራ ድምፁ ስለሚያውቀው ከሚያወራበት ይልቅ ከፍ ይላል። ብዙዎቻችን እንዲያው ነንና እሱን ብቻ ለይተን አንፍረድበት።

ፒክአፗ ያረጀች፣ ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ናት። በአዘቦት ቀን የምትጭነው ብዙ አይደለም፤ የመሮና የመዶሻ ሣጥን፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ሚስቱን። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ግን ከድንጋይ ካባው ጥርብ ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታ ይወርዳል። ያን ዕለት መኪናዋ በኋላዋ ቁጢጥ ትላለች። አፍንጫዋ ሽቅብ ይቀናል፣ መሪዋ ይቀልላል፣ ጎማዋ ከላዩ የሸፈነውን ፓራፋንጎ ከውስጥ እየላሰ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት በየጎማው በኩል እንደ ቀስት የጎበጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ብረቶች ናቸው፤ ባሌስትራ ይባላሉ። የሷ ባሌስትራ ከዕድሜ ብዛት ጉብጠቱን ረስቶ ሊለጠጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሚስቱ ባለፈው ዓመት መጋረጃ ልትሰቅል መሰላል ላይ ወጥታ ወደቀች። ሁለት የጀርባ አጥንቶቿ ተሰነጠቁ። መጀመሪያ በሰው ክንድ፣ ቀጥሎ በብረት መደገፊያ፣ አሁን ደግሞ በአንድ ከዘራ ትራመዳለች። ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነገሩን ሳታለሳልስ ነግራታለች። «ሦስት ወር ይቀርሻል። ሳታቋርጪ ከመጣሽ እንደ ድሮሽ ትሄጃለሽ። ካቋረጥሽ ግን ጀርባሽ ባለበት ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ እኔም ምንም አልረዳሽም።» ሆስፒታሉ አርባ ደቂቃ ይርቃል። የመንገዱ ግማሽ አስፋልት፣ ግማሹ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ንጣፉን ደግሞ ከጠረቡት ሰዎች አንዱ ራሱ ባልየው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው የመኪናዋን ቁጢጥ ማለት አይቶ አንጀቱ አልችል ሲለው ወደ ሰፈሩ መካኒክ ሄደ። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ችግር-የለም» ይለዋል፤ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም። የሞተር ጭስ፣ የፍሬን ጩኸት፣ የተሰበረ መስታወት፣ ምን ይዘህ ብትሄድ መልሱ ያው አንድ ነው።

«ችግር የለም! ከአንድ የጭነት መኪና ያወለቅሁት ባሌስትራ አለኝ። በየጎኑ ሦስት ሦስት እጨምርልሃለሁ፤ ተራራ ብትጭን ፍንክች አትልም» አለው።

እውነትም ፍንክች አላለችም። መኪናዋ ኋላዋን ቀና አድርጋ ስትወጣ ድንጋይ ጠራቢው ደረቱን ነፋ። በማግስቱ አሥራ አምስት ኩንታል ጭኖ ደጁ ላይ አቆማትና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። «እዩአት! እዩ ቀጥ ስትል!» እያለ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ሚስቱም ከዘራዋን ተደግፋ በር ላይ ቆማ «ደግ አደረግህ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ያን ሰሞን ከሱ በላይ የታደለ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ቁርስ ላይ ኩባያዋን አስቀምጣ «እኔ ከእንግዲህ ሆስፒታል አልሄድም» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሰለቸኝ።»

«ሦስት ወር ሲቀርሽ?»

«አንተ ሂድልኛ! ያንተም ጀርባ ቢሆን ጎብጧል።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ሐሙስ ዕለት ልብሷን አልለበሰችም። በቀጣዩ ማክሰኞም አልለበሰችም። ለመናት፣ ተቆጣ፣ እህቷን አስጠርቶ አስለመናት፤ እሷ እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ። ባለሙያዋ ስልክ ደውላ «ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቀረች ቦታዋን ለተረኛ እሰጣለሁ፣ ወረፋው ረጅም ነው» ስትል ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣለች ብሎ ደመደመ። ያቺ ስትወድቅ እንኳ መጋረጃውን ያልለቀቀች ሴት፣ በገዛ ጀርባዋ ተስፋ መቁረጧ ሊገባው አልቻለም።

የገባው በአጋጣሚ ነው። ፍሬኗ ሲጢጥ ማለት ስለጀመረ ወደ ችግር-የለም ወሰዳት። መካኒኩ እየነዳ ሊሰማው መሪውን ያዘ፤ የፊተኛው ወንበር በመፍቻና በአሮጌ ባትሪ ተይዞ ስለነበር ድንጋይ ጠራቢው ከኋላ ተቀመጠ፣ ሚስቱ በምትቀመጥበት፣ ትራሶቿ በተደረደሩበት። መኪናዋ የሱ ከሆነች ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም።

ድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲገቡ የመጀመሪያዋ ጉብታ ጥርሱን ከጥርሱ አጋጨችው። ሁለተኛዋ ከወንበሩ አነሳችው። ባዶዋ መኪና እንደ ፍየል ትዘላለች፤ ግትሩ ባሌስትራ እያንዳንዱን ምት ሳይቀንስ ሳይሸራርፍ ወደ ወገቡ ይልካል። ሰውዬው ጤነኛ ጀርባ ይዞ አንድ መንገድ ሳያልቅ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሚዛኑን ሊጠብቅ ትራሱን ሲስብ ጥጉ ላይ ዓይኑ አረፈ። ጨርቁ ተበልቷል። የጥርስ ምልክት ነው፣ ደጋግሞ የተነከሰ፣ ስፌቱ ድረስ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ደርሶ መልስ፣ እሱ ፊት ተቀምጦ ስለ መኪናዋ ጥንካሬ ሲለፈልፍ፣ እሷ ከኋላው ትራስ ነክሳ ዝም ብላ ነበር። ይህን ሲያስብ እንባው መጣ፤ ችግር-የለም እንዳያይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አውልቅልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ያን የጨመርከውን ሁሉ።»

«ላውልቀው እችላለሁ። ግን የድሮው ሞቷል፣ ድንጋይህን አይሸከምም። ወንድሜ፣ ምረጥ። ወይ ድንጋይ ወይ ሚስት። ሁለቱን የሚችል ባሌስትራ አልተፈጠረም።» ትንሽ አሰበና እያቅማማ «እንደው እትዬ ሚዛንን ጠይቃቸው እንጂ» አለ። ችግር-የለም ችግር አለ ሲል የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ሚዛን ከጎማ መሸጫዎቹ ጀርባ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ባሌስትራ በተሰቀለበት ጠባብ ሥፍራ ይሠራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አጭር ናቸው፣ ክንዳቸው ግን የወንድ ነው፤ በጭንቅላታቸው ሻሽ፣ በወገባቸው የቆዳ ሽርጥ አስረዋል። ሙያውን ከአባታቸው ወስደው፣ ባል አግብተው፣ ባል ቀብረው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ድረው፣ አሁን ትልቁን መዶሻ ከሚያነሳላቸው ከአማቻቸው ጋር ይሠራሉ። አንድ ቀን መኪና ነድተው አያውቁም። ለምን ሲሏቸው «እኔ መኪናን ከታች እንጂ ከላይ አላውቀውም» ይላሉ።

የመጣበትን ሳይጠይቁት መኪናዋን ዞሯት። እጃቸውን የኋላው ብረት ላይ አድርገው ወደ ታች ጫን አደረጉና ለቀቁ። መኪናዋ አልተነቃነቀችም።

«ይቺ መኪና ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ናት። ምን ትጭናለህ?» አሉት።

«ድንጋይ።»

«በየቀኑ?»

«አይ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ።»

«ሌላውን ቀን ምን ትጭናለህ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

ድንጋይ ጠራቢው አቀርቅሮ «ባለቤቴን» አለ። ከዚያ መናገር ከጀመረ ወዲያ ማቆም አልቻለም፤ መሰላሉን፣ ሆስፒታሉን፣ ትራሱን፣ ሁሉንም ዘረገፈ። አሮጊቷ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«እና ለአንድ ቀን እንግዳ ብለህ የቤቱን እመቤት ወለል ላይ አስተኛሃት» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ኩንታል ነው ድንጋዩ?»

«አሥራ አምስት።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ድንጋይ ጠራቢው ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

«አሥር። ከአሥር በላይ አንዲት ኪሎ አልሠራልህም። እኔ እግሯን ነው የማበረታው፤ ፍሬኗ፣ ጎማዋ፣ አጥንቷ ያው የድሮው ነው። አሥራ አምስት ጭነህ ቁልቁለት ላይ ስትበር ስሜን እንዳትጠራ። ሁለቴ ተመላለስ፤ ምን አስቸኮለህ፣ ድንጋይ አይሻግትም!»

አማቻቸው መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ባሌስትራውን ፈታው። እትዬ ሚዛን ስድስቱን የችግር-የለም ወፍራም ብረቶች አንድ በአንድ ወደ ጥግ ወረወሯቸው። የቀሩትን የመኪናዋን የራሷን ስስ ብረቶች ግን በጨርቅ ጠርገው፣ አንዱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ነኩት። ብረቱ ዘመረ። ወደ ጆሯቸው አስጠጉና እስኪያበቃ ጠበቁ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዘመሩ። አራተኛው ግን ደንቆሮ ድምፅ ሰጠ።

«ተሰንጥቋል» አሉ።

ድንጋይ ጠራቢው ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ምንም አይታይም። አማቹ ነጭ ጋዝ ቀብቶ ጠረገውና ጠመኔ አሸበት። ፀጉር የምታህል እርጥብ መስመር ከጠመኔው ሥር ብቅ አለች። እሱም ድንጋይን እንዲሁ ነው የሚመረምረው፣ በመሮ እጀታ መታ አድርጎ፣ በጆሮ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የሚያውቁት ድንጋይ ጠራቢዎች ብቻ ይመስሉት ነበር።

ያን ቀንና ማግስቱን ሥራውን ጥሎ ሲያያቸው ዋለ። የተሰነጠቀውን በሌላ ተክተው፣ የደከሙትን ብረቶች መስፍ ላይ አጋድመው ያለ እሳት፣ በቀዝቃዛው፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ጣት በጣት እየተራመዱ ያስመቷቸዋል። አማቹ መዶሻውን ያሳርፋል፣ እሳቸው በጉጠት ይገፋሉ። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። አንዱም ምት ብረቱን ያጎበጠው አይመስልም፤ ሲጨርሱ ግን ያ ለጥ ያለው ብረት እንደ አዲስ ቀስት ሆኖ ተቀምጧል። ለምን በእሳት እንደማያደርጉት ጠየቃቸው። «እሳት ይታዘዝልሃል፣ ግን ብረቱ ወደ ቦታው መመለስን ይረሳል። የባሌስትራ ሥራው መታጠፍ አይደለም፣ መመለስ ነው» አሉት።

ከዚያ ከግድግዳው አንድ ወፍራም ብረት አውርደው አሳጥረው ቆረጡ፣ መሃሉን በሱ፤ ለሌላውም ጎን እንዲሁ አደረጉ። አላጎበጡትም። ቀጥ እንዳለ ከሁሉም በታች አስቀምጠው መሃሉን ከሌሎቹ ጋር በብሎን አሰሩት። ላይኞቹ ወደ ላይ ሲጎብጡ እሱ ጫፎቹን ዘርግቶ ለብቻው ቀረ፤ በመካከላቸው የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት አለ።

«ይሄስ ምን ይሠራል?» አለ ድንጋይ ጠራቢው።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ባለቤትህ ስትሳፈር ምንም አይሠራም። ተኝቷል። የሚሸከሟት ስሶቹ ናቸው፣ እነሱ ልስልስ ናቸው። ድንጋይ ስትጭን ላይኞቹ ይወርዱና እሱ ላይ ያርፋሉ፤ ያኔ ይነሳል። አራት ኩንታል ላይ ነው የሚነሳው።»

«በምን ያውቃሉ?»

አማቹ ሳቀ። እትዬ ሚዛን ወደ መንገዱ ወጥተው ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡና «ኑ፣ ልመዝን ነው!» ብለው ተጣሩ።

የመንገዱ ሰው ልማዱን ያውቃል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሰዓት ሠሪው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሁለት ጎማ ጠጋኞችና ፀጉር አስተካካዩ ተከተሉ። አሮጊቷ የያንዳንዳቸውን ኪሎ በቃላቸው ያውቁታል፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። «ሰዓት ሠሪ፣ ሃምሳ አንድ፣ መኪናዋ ላይ ውጣ። ልብስ ሰፊ፣ ሃምሳ ስምንት። ጋጋሪዋ፣ ሰባ ሁለት።»

«ሰባ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ሰባ ሁለት። ውጪ።» ጎማ ጠጋኞቹ ስልሳና ስልሳ አንድ ነበሩ። እሳቸው መሬት ላይ ተንጋለው ከመኪናዋ ሥር ገቡና ድምፃቸው ብቻ ቀረ። «ፀጉር አስተካካይ፣ ዘጠና ስምንት። አንተ ስትወጣ ላይኞቹ የታችኛውን ይነካሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ እየተነፈሰ ወጣ። ምንም አልተሰማም።

ድንጋይ ጠራቢው ልቡ ወደቀ። ነገ ሐሙስ ነው፣ የመጨረሻው ቀጠሮ። አሮጊቷ ተሳስተዋል ብሎ አሰበ፤ ማን ሰው በጭብጨባና በጎረቤት ብረት ይለካል? እሱስ ምን ነክቶት አመነ?

ከመኪናዋ ሥር የእትዬ ሚዛን ድምፅ መጣ። «አንተ ፀጉር አስተካካይ።»

«አቤት።»

«ከስተሃል።»

«ኧረ እኔ?»

«አምስት ኪሎ ጎድሎሃል። ብረቴ አይዋሽም።»

ሰዎቹ ሊስቁ ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሐኪም ስኳር አለብህ ብሎኝ ምግብ ቀንሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።»

አሮጊቷ «ዛሬውኑ ንገራት» አሉት ከሥር። ቀጥለው «ድንጋይ ጠራቢ፣ የመዶሻህን ሣጥን ስጣቸው» አሉ። ድንጋይ ጠራቢው ሣጥኑን አንስቶ ወደ ላይ አቀበለ። ሣጥኑ ወለሉን ሲነካ ከመኪናዋ ሥር አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች። ጠቅ። ወዲያው ከሌላኛው ጎን፣ ጠቅ።

ድንጋይ ጠራቢው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ኩንታል ሲደራረቡ፣ ተላላፊው ሁሉ እየተጠራ ሲወጣ፣ መኪናዋ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ዝቅ ብላ ቀጥ አለች። ሲወርዱ ተመልሳ ከፍ አለች። እሱ ግን አሁንም ያን ድምፅ ነበር የሚያዳምጠው። አንድ አሮጊት ጀርባዋን መሬት ላይ አድርጋ፣ በብረት ውስጥ የሰውን በሽታ አወቀች። በሕይወቱ ብዙ ትልልቅ ነገር አይቷል፤ ተራራ ለሁለት ሲሰነጠቅ አይቷል። እንደዚያን ቀን ትንሽነት የተሰማው ግን የለም፣ ደግሞም ትንሽነቱ ደስ አለው።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። «ትራሱን አየሁት» አላት።

እሷ ፊቷን አዞረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? እንደዚያ ደስ ብሎህ፣ ጎረቤት ሁሉ ጠርተህ ስታሳይ… ስንት ዓመት ሆነው እንደዚያ ስትስቅ ካየሁህ።» የከዘራዋን እጀታ ዳበሰች። «ድንጋዩን ትተህ እኔን እንድትጭን አልፈለግሁም። እኔ ብቀር ይሻላል አልኩ።»

ሰውዬው አለቀሰ፤ አሁን ማንም እንዳያየው አልዞረም። ነገ አንድ ቀን ብቻ ትሞክርለት ዘንድ ለመናት። «አንድ ቀን ብቻ» አለች፣ «ያውም ለአንተ ብዬ።»

ሐሙስ ጠዋት ከኋላ ወንበር አስቀመጣት። አስፋልቱ አልቆ ድንጋይ ንጣፉ ሲመጣ በመስታወቱ አያት፤ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ትራሱን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ጎማው ወጣ፣ ወረደ። መኪናዋ በኋላዋ ቀስ ብላ ተነፈሰችና ዝም አለች።

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «አለፈ?»

«አለፈ።»

ቀጣዩ ጉብታ መጣ፣ ሌላውም መጣ። እጇን ከትራሱ ላይ ስታነሳ በመስታወቱ አየ። ሆስፒታሉ ደርሳ ባለሙያዋ እንዳለቻት ሁሉንም ሠራች፣ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ፤ ስትወጣ የማክሰኞ ቀጠሮዋን ራሷ አስመዝግባ መጣች። ሲመለሱ ፀሐዩ ጋብ ብሏል። በመንገዱ ሁሉ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች፣ አዲስ የተሠራ ሕንፃ፣ የተቆረጠ ዛፍ፣ ቀለም የተቀባ የመድኃኒት ቤት በር። በዚያ መንገድ ወራት ተመላልሳ አንዱንም አላየችውም ነበር።

ደጃቸው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወደ አጥሩ ሊያዞር መሪውን ጠመዘዘ።

«አታቁም» አለች ከኋላው።

«ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም።» እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «እስቲ ትንሽ ንዳኝ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ንዳ።»

ድንጋይ ጠራቢው መሪውን መለሰና በራቸውን አልፎ ነዳ።